ቬልተንቡርግ ገዳም በተሽከርካሪ ወንበር፦ መንገዱን የሚያውቅ አለ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ቀድሞ የተመለሰውን እንደገና መጠየቅ ጀመሩ። ስለዚህ ጥያቄዬንና እስካሁን የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስፍሬያለሁ። የማን ሐሳብ እንደረዳኝ፣ የማን እንዳስከፋኝም አልደበቅሁም።

ጥያቄው

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሙኒክ እኔ ዘንድ ነው ያለችው። ስትሮክ ካገኛት ወዲህ ግራ እግሯ እንደ ልቧ አይታዘዝላትም። ቤት ውስጥ ባለ አራት ጎማ መደገፊያዋን ይዛ ትንቀሳቀሳለች። ከቤት ስትወጣ ግን ጥቂት እንደተራመደች ትደክማለችና ተሽከርካሪ ወንበር ያስፈልጋታል።

እናቴ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ናት። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ለጽዋው የሚቀርበውን ጠላ በእጇ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ናት። ዳንዩብ ወንዝ ዳር፣ ኬልሃይም ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ቬልተንቡርግ የሚባል የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም እንዳለ ሰው ነግሯታል። በዋናው መሠዊያ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ከነዘንዶው ይታያል፤ በዚያው ግቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1050 ጀምሮ ቢራ ይጠመቃል ይባላል። ይህን ከሰማች ወዲህ ጊዮርጊስንም ጠመቃውንም ሳላይ አልመለስም ብላለች።

የምጠይቀው ይህን ነው። ሄዶ ያየ ሰው ከመኪና ማቆሚያው ወይም ከጀልባው አንሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለውን መንገድ እርምጃ በእርምጃ ይንገረኝ። ይቻላል ወይም አይቻልም የሚል መልስ ብቻውን አይጠቅመኝም። ከጎማው ሥር ያለው አስፋልት ነው፣ ጠጠር ነው ወይስ ድንጋይ ንጣፍ? አቀበቱ የት ላይ ይጀምራል? መጸዳጃ ቤቱስ በየትኛው ወለል ነው? በሰው ጉልበት የሚገፋ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ጉዞውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

መልሶቹ

1ኛው መልስ ምርቃት ነበር። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ ካሉ በኋላ ጀርመን አገር ለአካል ጉዳተኛ ያልተመቻቸ ቦታ ስለሌለ ምንም ሳልጨነቅ እንድሄድ መክረውኛል። ምርቃቱን በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ምክሩን ግን ልቀበለው አልቻልኩም፤ አሮጌ ገዳም የተሠራው በእግሩ ለሚሄድ መነኩሴ ነው፤ የአገሪቱ ሕግ ምንም ያህል ቢሻሻል የጥንቱን ድንጋይ ንጣፍ አይለውጠውም።

2ኛውን የጻፉት ሬገንስቡርግ የሚኖሩ፣ ቦታውን ደጋግመው ያዩ ሰው ናቸው። እኔ የፈለግሁት ዓይነት መልስ ይህ ነበር። በባቡር የሚመጣ ሰው ዛል በምትባለው ጣቢያ ወርዶ በአውቶቡስ ኬልሃይም ይገባል። ከኬልሃይም የመንገደኞች ጀልባ ወንዙን ሽቅብ 40 ደቂቃ ያህል ተጉዞ ገዳሙ ዘንድ ያደርሳል። ሲመለስ ወንዙ ራሱ ስለሚገፋው 20 ደቂቃ ይበቃዋል። በመካከሉ ዳንዩብ 70 ሜትር ገደማ በሚያህል የኖራ ድንጋይ ገደል መካከል ጠቦ ያልፋል። እኚህ ሰው እንደሚሉት መራመድ ለማይችል ሰው ከጉዞው ሁሉ ደስ የሚለው ይህ ክፍል ነው፤ ሌላው ሰው ለማየት ተራራ የሚወጣለት ገደል እርስዎ ወንበርዎ ላይ እንደተቀመጡ በአጠገብዎ ያልፋል።

ማስጠንቀቂያም ጨምረዋል። ከወደቡ ወደ ጀልባው የሚያስገባው መሸጋገሪያ እንደ ወንዙ ከፍታ ያዘነብላል፤ ወንዙ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ተዳፋቱም ይለወጣል። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመቸው የትኛው ጀልባ እንደሆነና በዚያ ቀን መሸጋገሪያው እንዴት እንደሆነ ሠራተኞቹን መጠየቅ ይገባል። ከጀልባው ከወረዱ በኋላ ወንዙን ይዞ እስከ ግቢው ጥቂት መቶ ሜትር መሄድ አለ። በመኪና የሚመጣም ሰው ቢሆን ዋናው ማቆሚያ ከገዳሙ ራቅ ስለሚል ከመሄድ አይድንም። ገዳሙ ፊት ለፊት ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት ሰፊ የጠጠር ዳርቻ አለ። ወደዚያ ወንበር ይዞ መውረድ አይገባም፤ የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጡና ወንበሩ ባለበት ይተከላል፣ የተቀመጠውም ሰው ወደ ፊት ይደፋል።

3ኛው መልስ ሰጪ የጀርመንን የአካል ጉዳት መታወቂያ እንዳወጣላት መከሩኝ። በመታወቂያው ላይ ቤ (B) የተሰኘው ፊደል ካለ አጃቢዋ በባቡርና በአውቶቡስ በነጻ እንደሚሄድ፣ ሰማያዊውን የመኪና ማቆሚያ ካርድም ማግኘት እንደሚቻል ጻፉ። ይህን 4ኛው አረሙት፣ ደግነቱ በትሕትና ነው ያረሙት። መታወቂያው የሚሰጠው በጀርመን ለሚኖር ወይም ለሚሠራ ሰው እንጂ ለጉብኝት ለመጣ አይደለም። ሰማያዊው ካርድም ቤ ስላለ ብቻ አይገኝም፤ ለእሱ ከባድ የመራመድ ችግርን የሚያመለክተው ሌላው ምልክት ያስፈልጋል። ይልቁንም የሕክምና ዕቃ ከሚያቀርቡ ሱቆች ተሽከርካሪ ወንበር መከራየት ይቻላል፤ ባቡር ላይ የሚያወጣና የሚያወርድ ረዳት ካስፈለገም ለባቡር ድርጅቱ የእርዳታ ክፍል አስቀድሞ ማስመዝገብ ነው። ይህ እርማት ባይመጣ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት የእናቴ ቪዛ ባለቀ ነበር።

5ኛው መሐንዲስ ናቸው፣ ቁጥርም ይዘው መጥተዋል። ሰዎች ትንሽ ዳገት አለ እያሉ መጻፋቸው አናዷቸዋል። በጀርመን የግንባታ ደረጃ፣ ዲን 18040 በሚባለው፣ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መንገድ) በአንድ ሜትር ርዝመት ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ መነሣት የለበትም፤ በየ6 ሜትሩም 1 ሜትር ተኩል ሜዳ ማረፊያ ሊኖረው ይገባል። አሮጌ የግቢ መንገድና የጀልባ መሸጋገሪያ ግን በዚህ ልክ አይሠሩም። ስለዚህ አገፋፉን ማወቅ ይበጃል ብለው አስረድተውኛል። ቁልቁለት ሲሆን ወንበሩን አዙሮ፣ የተቀመጠው ሰው ጀርባውን ለቁልቁለቱ ሰጥቶ፣ ገፊው ከታች ሆኖ ወደ ኋላ እየተራመደ ማውረድ ነው። ድንጋይ ንጣፍ ላይ ደግሞ ወንበሩን በትንሹ ወደ ኋላ አጋድሞ በትልልቆቹ ጎማዎች ብቻ መሄድ፤ ያለዚያ ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ይያዛሉ። ሁለቱንም ሰፈራችን ባለው ቁልቁለት ላይ ከእናቴ ጋር ሞክረናቸዋል። ወደ ኋላ መውረዱ መጀመሪያ አስፈርቷት ነበር፤ ቀስ እያለች ለመደችው።

6ኛው ለምን ይህን ያህል ርቄ እንደምሄድ ጠይቀው አንዴክስን ጠቆሙኝ። ከሙኒክ በኤስ 8 ባቡር ሄርሺንግ ድረስ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ይደረሳል። በ1455 የተመሠረተ ገዳም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐን ባፕቲስት ሲመርማን በሮኮኮ ስልት አስጊጦታል፤ የሙዚቃ ደራሲው ካርል ኦርፍም የተቀበረው እዚያ ነው። ጥቁሩ ዶፕልቦክ ቢራው 7.1 በመቶ አልኮል እንዳለውም አልዘለሉም። ወዲያው 7ኛው ተቃወሙ። አንዴክስ ቅዱሱ ተራራ መባሉ እውነትም ተራራ ላይ ስለሆነ ነው፤ ከሄርሺንግ በኪንታል ሸለቆ የሚወጣው የእግር መንገድ ለጎማ የሚታሰብ አይደለም፣ ከታች ካለው ማቆሚያ ወደ ላይ ያለውም ዳገት ገፊን ያስተነፍሳል። የቢራ አዳራሹ ራስን በራስ ማስተናገድ ስለሆነ አንድ ሰው ወንበር እየገፋ ምግብና መጠጥ ሊሸከም አይችልም። ከሁሉም በላይ እናትየው የጠየቁት ጊዮርጊስን ነው፣ አንዴክስ ደግሞ የኒቆላዎስና የኤልሳቤጥ ነው ብለው ደመደሙ። በዚህ ከ7ኛው ጋር ነኝ።

ከዚህ በኋላ ነው ክሩ መልኩን የለወጠው። 8ኛው የታመመች እናት ወደ ቢራ መጥመቂያ ማንገላታት ምን ይባላል፣ ቤቷ ተቀምጣ ብትጸልይ አይሻላትም ወይ ሲሉ ጻፉ። ስለ እሷ ደክሞ የሚገፋት ሰው እንደሚያሳዝናቸውም ጨመሩ። ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከእኔ በፊት ግን 9ኛው መለሱላቸው። እኚህ ሰው ራሳቸው ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ናቸው። ቤት ይቀመጡ ማለት ምክር ሳይሆን ፍርድ ነው፣ ማንም ፈቃድ አልጠየቀዎትም አሏቸው። እግሩ የማይሰራ ሰው ዓይኑም ጉጉቱም አብሮ እንደማይሞት፣ ዘመዶቻቸው በርኅራኄ ስም ስንት ሠርግና ስንት ጥምቀት እንዳስቀሯቸው በመረረ ቋንቋ ዘረዘሩ። 8ኛው መልሰው ስሜ ተነካ አሉ። በ10ኛው መልስ አንድ አዛውንት ገብተው ሁለቱንም ልጆቼ እያሉ አረጋጉ፤ ወሳኟ እናትየዋ ራሷ እንደሆነች፣ እሷ ልሂድ ካለች የቀረው ሰው ሥራ መንገዱን ማቅናት ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። 9ኛው ጠንከር ማለታቸውን የወቀሱ አሉ፣ እኔ አልወቅሳቸውም። ስለ እናቴ ሲወሰን እናቴ አልተጠየቀችም፤ ይህንን ከሁሉ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው።

11ኛው ኦርቶዶክሳዊት ሴት ወደ ካቶሊክ ገዳም፣ ያውም ቢራ ወደሚሸጥበት፣ መሄዷን ተቃወሙ። 12ኛው ማየትና መቁረብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ሲሉ መለሱ፤ ጊዮርጊስን ሁለቱም ወገን ሰማዕት ብለው እንደሚያከብሩት፣ በእኛም አገር ገዳማት ጠላ ሲጠመቅ እንደኖረ አስታወሱ። የመነኮሳት ቢራ ገቢም የግል ሀብት እንዳልሆነ ለማሳየት አንዴክስን በምሳሌነት አነሡ፤ አንዴክስ በሙኒክ ያለው የቅዱስ ቦኒፋስ ገዳም ይዞታ ሲሆን፣ ቦኒፋስ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ምግብና ሕክምና ይሰጣል። እናቴን ይህን ክርክር አንብቤላት ነበር። የምቆርብበትን አውቃለሁ አለችና ነገሩን በዚያው ዘጋችው።

13ኛውን መልስ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ የሥነ ጥበብ ታሪክ የተማሩ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን የሠሩት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ኮስማስ ዳምያንና ኤጊድ ክዊሪን አዛም፣ ሥራውን የጀመሩት በ1716 ነው። ሰው ሲገባ የሚያገኘው የመጀመሪያው ክፍል ሆን ተብሎ ጨለም እንዲል ተደርጓል። ከዚያ ወደ ሞላላው ዋና አዳራሽ ሲያልፉ ከፊት ለፊት፣ መሠዊያው ላይ፣ ጊዮርጊስ ከብርሃን ውስጥ ጋልቦ የሚወጣ ይመስላል፤ ከኋላው ተመልካች የማያየው መስኮት አለና ፈረሱና ፈረሰኛው በዚያ ወርቃማ ብርሃን ፊት ቆመው ይታያሉ። በአንድ ወገን ዘንዶው፣ በሌላው ልዕልቲቱ አለች። ጣራው ደግሞ መሐሉ ክፍት ሆኖ ከበላዩ ሌላ የተሳለ ሰማይ ይታያል፣ እሱንም የሚያበሩት የተሰወሩ መስኮቶች ናቸው። በክፍቱ ዙሪያ ካለው ጠርዝ ላይ አንድ ሰው በክርኑ ተደግፎ፣ ፈገግ ብሎ ቁልቁል ያያል። ያ ሰው ሠዓሊው ኮስማስ ዳምያን ነው፤ ምስሉን በስቱኮ፣ ማለትም በልስን ቅርጽ፣ የሠራው ወንድሙ ነው።

እኚህ ሴት ከዚህ አልፈው ማንም ያላሰበውን ነገር ነገሩኝ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መሐል አዳራሹ ድረስ ገብቶ ጣራውን ልይ ቢል አንገቱን ወደ ኋላ መቀልበስ አለበት፤ ስትሮክ ላገኛት ሴት ይህ ሕመም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከመግቢያው አጠገብ፣ ከጨለማው ክፍል ጠርዝ ላይ አቁሚያት፤ ጊዮርጊስ ከዚያ ሆኖ በቀጥታ ይታያል፣ አንገት ቀና ማድረግም አያስፈልግም። ለጣራው የአንገት ድጋፍ የምትሆን ትንሽ ትራስ ያዢ፣ ወንበሩን ሰው ደግፎ ትንሽ ወደ ኋላ ያጋድመው። ፀሐይ ያለበት ቀን ምረጪ፣ ደመና ከሆነ ብርሃኑ ይደበዝዛል። በበኩሌ በዚህ ክር ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ነገር አላየሁም። ብዙ ሰው የሚያስበው ወንበሩ በር እስኪገባ ድረስ ነው። ከገባ በኋላ የተቀመጠው ሰው ምን ያያል የሚለውን ያነሡት እኚህ ሴት ብቻ ናቸው።

14ኛው ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። ጸሐፊው በሌላ ከተማ አንድ አሮጌ ምግብ ቤት በስልክ ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል ወይ ብለው ጠይቀው አዎን ተብለው ሄዱ። በሩ እውነትም ደረጃ የለውም። መጸዳጃው ግን በጠመዝማዛ ደረጃ ከሚወረድበት ምድር ቤት ነበር፤ አባታቸው ምግቡን ሳይጨርሱ ተመለሱ። ስለዚህ ይመቻል ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ መጸዳጃው በየትኛው ወለል ነው፣ በሩስ ስንት ሴንቲ ሜትር ይከፈታል ብለሽ ጠይቂ አሉኝ። ኑሮዋ ጀርመን ለሆነ አካል ጉዳተኛ ደግሞ ዩሮሽሉሰል የሚባለው ቁልፍ እንዳለ አስታውሰዋል፤ ዳርምሽታት ካለ ማኅበር ይገኛል፣ በየአውራ ጎዳናውና በየከተማው ያሉ የአካል ጉዳተኛ መጸዳጃዎችን ይከፍታል።

15ኛውና 16ኛው የትኛው ቢራ መጥመቂያ ጥንታዊ እንደሆነ ተከራከሩ። አንደኛው ቬልተንቡርግ ከዓለም አንደኛ ነው አሉ። ሌላኛው ፍራይዚንግ ያለው ቫይንሽቴፋን በ1040 ይቀድመዋል፣ ሆኖም ከ1803 ወዲህ ገዳም መሆኑ ቀርቶ የባቫሪያ መንግሥት ነው፤ ያ የ1040 ሰነድም ሐሰተኛ እንደሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ስለዚህ ቬልተንቡርግ ከገዳም መጥመቂያዎች አንጋፋው ቢባል ይሻላል ሲሉ አረሙ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ወደ እግር ኳስ ሊገባ ሲል የመድረኩ አስተባባሪ አስቆሙት።

17ኛው ወደ ቁም ነገሩ መለሱን። በሌላ ቦታ ቢራ መጥመቂያ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው። የመጥመቂያ ውስጥ ወለል ዘወትር እርጥብ ነው፤ ጋኖቹ ከፍ ብለው ስለሚቀመጡ በብረት መሰላል ይወጣል፤ ማቀዝቀዣ ክፍሎቹም ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች ናቸው። ስለዚህ ለጉብኝት ከመመዝገብ በፊት የትኛው ክፍል ያለ ደረጃ እንደሚታይ በጽሑፍ መጠየቅ፤ ሁሉም ካልሆነ የሚሆነውን ብቻ እንዲያሳዩ መለመን። ለእናትየው ብቅልና ሆፕስ (ለቢራ እንደ ጌሾ የሚገባውን ተክል) በእጃቸው ይዘው ማሽተት ብቻውን ትልቅ ነገር እንደሚሆንም ገምተዋል። ግምታቸው ልክ ነው።

18ኛዋ እናት ናቸው፣ ከኑረምበርግ። ስለ መንገዱ አንድም ቃል አልጻፉም፤ የጻፉት ስለ ጠላ ነው። ጋኑን በወይራ ማጠን፣ ጥንስሱን በጌሾና በብቅል መጣል፣ አሻሮውን ቆልቶ ማስፈጨት፣ ከዚያ ድፍድፉ እስኪበስል መጠበቅ። የቬልተንቡርግ ጥቁር ቢራ ጠቆር ካለ ብቅል ስለሚጠመቅ የአሻሮ ሽታ ያሸተተ አፍንጫ አይስተውም አሉ። ከሙኒክ ወደ ኬልሃይም ሲሄዱ የሚታለፈው ሃለርታው የዓለም ትልቁ የሆፕስ ምድር እንደሆነ፣ ተክሉም በረጃጅም ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ እንደሚያድግ፣ እንደ ጌሾው መራራነትን የሚሰጥ እሱ እንደሆነ ነግረውናል። ከርዕስ ወጥተዋል ያሉ ነበሩ። ለእናቴ ግን ሙሉውን አነበብኩላት፤ ጌሾውን ቅጠሉን ብቻ ነው ወይስ ከነግንዱ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ።

19ኛው በቁጣ ነው የገቡት። በባቫሪያ ራምፕ ሴንቲ ሜትር ስንለካ በአገራችን ማን ለካ ብለው ጠየቁ። ላሊበላ በዋሻና በድንጋይ ደረጃ የተሞላ ነው፤ ደብረ ዳሞ የሚወጣው በገመድ ነው፣ ለዚያውም ለወንድ ብቻ። እነዚህስ ጥንታዊ ናቸው ይባል፤ ትናንት የተሠራው ፎቅ ምን ምክንያት አለው? 20ኛው ሕግ አልጠፋም ሲሉ መለሱ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች አዟል፣ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። 9ኛው እዚህ ላይ ተመልሰው፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አዲስ ሕንፃ በር ላይ በተሠራ ራምፕ ወንድማቸው ወንበሩን ገፍቶ ማውጣት አቅቶት ሁለት ጥበቃዎች ተጨምረው እንዳወጧቸው ጻፉ፤ ራምፕ አለ ለማለት ብቻ የተሠራ ነበር። 5ኛው መሐንዲስ ቁመቱንና ርዝመቱን ለክተው እንዲልኩላቸው ጠየቋቸው። ይህ ጉዳይ የራሱ ክር ይገባዋል፣ አንድ ሰው ቢከፍተው ቀድሜ የምጽፈው እኔ ነኝ።

21ኛው አጭር ነው፣ ግን ቀኑን ያስወሰነኝ እሱ ነው። ገዳሙ ከወንዙ ዳር ስለተቀመጠ በ1999 እና በ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ገብቶበታል። ውሃው ሲሞላ ጀልባውም ይቆማል። ስለዚህ ዋዜማውን የባቫሪያ የጎርፍ መረጃ አገልግሎት የሚያወጣውን የኬልሃይም የውሃ ከፍታ አይቶ፣ ለጀልባ ድርጅቱም ደውሎ መነሣት ያስፈልጋል።

እስካሁን የቆረጥነው ይህን ነው። ቅዳሜና እሑድ ግቢው በሰው ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን፣ በመጀመሪያው ጀልባ እንሄዳለን። ገፊዎቹ ሁለት ነን፣ ወንድሜ ከአውግስቡርግ ይመጣል። ለመጥመቂያው ጥያቄዬን በጽሑፍ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ደረጃ ብቻ ከሆነ እናቴ ግቢው ውስጥ ከዛፎቹ ሥር ተቀምጣ ጥቁሩን ቀምሳ ትፈርዳለች። ከገዳሙ በላይ ፍራውንቤርግ ላይ ያለውን ጸሎት ቤት ትተነዋል፣ አቀበቱ ለእኛ አይሆንም።

አሁንም ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር አለ፦ በዚህ ዓመት ወንበር ይዞ የተሳፈረ ሰው ካለ፣ ከኬልሃይም ወደብ ሲገባ የመሸጋገሪያው ስፋት ለተከራየነው 68 ሴንቲ ሜትር ወንበር ይበቃል? 18ኛዋ እናታችን ደግሞ ስለ ጌሾው ቅጠልና ግንድ ቢመልሱልን፤ እናቴ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።